ቁስሉ ከዳነ በኋላ

ጀምበሩ ግንበኛ ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት እዚሁ አሰበ ተፈሪ የእህል መጋዘን ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫው ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ድንጋይ መታው። ራሱን ሳያውቅ ሰነበተና ነቃ። ቁስሉም ደረቀ፣ ጠጉር በቀለበት። ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ጀምበሩ፣ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ሚስቱን ዘርፈሽዋልን ለጆሮ የሚከብድ ስድብ ይሰድባታል፣ ሳህን ይወረውርባታል። ወዲያው ደግሞ እግሯ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። አጥር የምንጋራ ጎረቤቶች ስለሆንን ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ።

ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስታረቋቸው። ሽማግሌ ፊት ጀምበሩን ማየት ነው! አንገቱን ደፍቶ፣ ጉልበት ስሞ፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል። ሳምንት አይቆይም።

ዘርፈሽዋል ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠልቷት ነው ወይስ ታሞ? ጠልቷት ከሆነ ትሄዳለች። ታሞ ከሆነ ታስታምመዋለች።

በዚያው ሰሞን ኃይለየሱስ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ተመደበልን። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች፣ ቁስላቸው ከዳነ በኋላ ጠባያቸውና መንፈሳቸው ምን እንደሚሆን ማጥናት ይፈልጋል። ቦርደዴ ድረስ ሄዶ ግመል የረገጠውን ሰው ጠየቀ፣ ገለምሶ ከጭነት መኪና ላይ የወደቀውን ቡሽራን ጠየቀ፣ የእኛንም ጀምበሩን ጠየቀ። አጠያየቁ ግን የእንግዳ አጠያየቅ ነው። ከባልየው ጎን ቁጭ ይልና ሚስትን «ባለቤትሽ እንዴት ነው?» ይላል። የቡሽራ ሚስት መይሙና «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለችው። ዘርፈሽዋልም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አለችው። ታዲያ ምን ትበል? ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ለማታውቀው ሰው ገመናዋን ትዘርዝር? ኃይለየሱስ ራሱ ወባ እያንቀጠቀጠው «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» የሚል ሰው ነው። ይሄን ግን አላሰበውም። ጀምበሩ ፈጽሞ ድኗል እያለ ለጠየቀው ሁሉ ተናገረ።

ወሬው ሽማግሌዎቹ ጋ ደረሰ። «ሐኪሙ ድኗል ካለማ ይሄ ክፋት ነው» አሉ አቶ ገብሬ፣ የሽማግሌዎቹ አንደበት። «እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናፋታቸዋለን።»

ዘርፈሽዋል ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

«ዶክተር፣ ደህና ነው ያልኩዎት እኮ ሰላምታ ነው!» አለችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሳህኑን፣ ስድቡን፣ ለቅሶውን።

ኃይለየሱስ በማግስቱ ገለምሶ ወርዶ መይሙናን ገበያ ላይ ለብቻዋ አገኛት። ቡሽራም ከወደቀ ወዲህ መኪና በሰማ ቁጥር አልጋ ሥር እንደሚገባ፣ ከልጆቹም ጋር እንደማይነጋገር ነገረችው። መጀመሪያ ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት፣ «መች ጠየቅከኝ?» አለችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ የሚሸመግሉበት ግራር ሥር ተሰበሰብን። እውነቱን ለመናገር ኃይለየሱስ የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር፤ መጣ።

«ድኗል ያልኩት ተሳስቼ ነው» አለ ቆሞ። «ጭንቅላቱ ሲመታ ቁጣን የሚገታው ቦታ ተጎድቷል። ስድቡ የሚመጣው ከዚያ እንጂ ከጥላቻ አይደለም።»

«ይድናል?» አሉ አቶ ገብሬ።

«አላውቅም። የምሰጠውም መድኃኒት የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ያን ጊዜ አቀርቅሮ የነበረው ጀምበሩ ቀና አለ።

«ስድቡ የጉዳቱ ከሆነ» አለ፣ «ይቅርታዬስ? እግሯ ላይ ወድቄ የማለቅሰው፣ እሱም የጉዳቱ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ኃይለየሱስ ዞሩ።

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እሱ ያንተ ነው» አለችው። «ድሮም ተጣልተን ቀድመህ ይቅርታ የምትለው አንተ ነበርክ። ተነስ፣ እንሂድ።»

ተነስቶ ተከተላት። መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ምን እንዳስቆጣው እንጃ፣ ጮኾ ሲሰድባት ሰማን። አቶ ገብሬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ዘርፈሽዋል ግን መንገዱ ድንጋያማ ስለነበር እንዳይወድቅ ክንዱን ያዘችው።