የኋላው በር

ከብረቱ ውስጥ ማንኳኳት ተሰማ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በጡጫ። ለሙከራ ከወዳጅ አገር የመጣው ብረት ለበስ መኪና ተዳፋቱ ላይ በጎኑ አዘንብሎ ቆሟል፤ የኋላ በሩ አልከፈት ብሏል።

ሁለት መካኒኮች ከውጭ ታግለው ከፈቱት። ለሙከራው ከኋላ ተቀምጦ በሩ የተዘጋበት ሾፌር ላቡን እየጠረገ ወረደ። ሥራው ይኸው ነው፤ ሠራዊቱ ሊገዛው ያሰበውን መኪና ሁሉ እየነዳ፣ ውስጡ እየተቀመጠ መፈተን። ጠማማ ነገር አይወድምና ባልደረቦቹ «ውኃ ልክ» ይሉታል።

«ምነው ውኃ ልክ፣ እዚያው ጎጆ ልትወጣ ነው እንዴ?» አለው አንዱ መካኒክ።

«አንተን ጎረቤት አድርጎ ማን ይኖራል!»

ከመኪናው ጋር የመጣው የፋብሪካው መሐንዲስ አልሳቀም። ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር ነገረው።

«ተዳፋቱ በዛ ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው። «ሜዳ ላይ እንየው።»

ሜዳ ላይ በሩ እንደ ቁም ሳጥን በር ተከፈተ። የሙከራ ክፍሉ አለቃ ኮሎኔሉ አጨበጨቡ።

«አለቀ! ነገ የግዢ ኮሚቴው ይመጣል፣ ገብቶ ያያል፣ ይፈርማል።»

«ጌታዬ፣ ሲያዘነብል እምቢ ይላል» አለ ሾፌሩ። «ፈንጂ የመታው መኪና ደግሞ ሜዳ መርጦ አይቆምም።»

«እሱ አይጠፋኝም። ግን ግንባር ያሉት ልጆች አሁን ሸራ በለበሰ ፒካፕ ነው የሚሄዱት። ይሄ ከዚያ አይሻልም?»

ሾፌሩ የመኪናውን ወፍራም ብረት በጡጫው መታ መታ አደረገ። ይሻላል።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጁ ደወለች። ወታደር ናት፤ ነርስ። መኪናዎቹ ከተገዙ መጀመሪያ የሚደርሱት ለእሷ ክፍል ነው።

«አባዬ፣ አዲሱን መኪና አንተ ነህ አሉ የምትነዳው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ወሬ መች እግር ያጣል! ይመቻል ግን? እኔ መቼም ከቁስለኞቹ ጋር ከኋላ ነኝ።»

ሾፌሩ የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ።

«አባዬ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ፣ የኔ ልጅ። ወንበሩ ጥሩ ነው።»

በሙከራ ክፍሉ አንድ የቆየ ልማድ አለ። መጨረሻ የነዳው ሰው መኪናውን ያቆማል፤ ካቆመው በኋላ ኮሚቴው እስኪያየው ድረስ ማንም አይነካውም፣ ኮሎኔሉም ቢሆኑ። ኮሚቴውም መኪናውን የሚያየው በቆመበት ነው።

አመሻሽ ላይ ኮሎኔሉ ለነገ የተተከለውን ድንኳን አሳዩት።

«እዚህ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ አቁመው። የኋላውን ወደ ወንበሮቹ አዙረህ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ድንኳኑን አልፎ ሄደ። ኮሎኔሉ እጃቸውን አወናጨፉ፤ መኪናው ግን ተዳፋቱን እያጓራ ወጣ። የጠዋቱን የጎማ ፋና ፈልጎ አገኘው፣ በዚያው ላይ በጎኑ አዘነበለ፣ ቆመ። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ስቦ በፊተኛው በር ወረደ፤ የኋላውን በር ከውጭ ገፍቶ ዘጋው።

ኮሎኔሉ እያለከለኩ ደረሱ።

«ምን ማለትህ ነው?»

ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቁልቁል ወረደ፣ የበሩን ዘበኛ በራስ ንቅናቄ ሰላም ብሎ፣ በግቢው ትልቅ በር ወጣ።