ዳገት የሚወጣ ደም

ትራክተር ስጠግን የኖርሁ ሰው ነኝና ነገር ቶሎ አያስደንቀኝም። ሰው ተአምር ሲል እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የትኛው ብሎን እንደላላ ነው። ባለቤቴ ውድነሽ በዚህ ጠባዬ ስትቀልድብኝ፣ «አንተ እኮ ይስማው፣ መንግሥተ ሰማያት ብትገባ በሩ ቅባት አንሶታል ትላለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አፉን ያስያዘው ደግሞ የእሷው የውድነሽ እግር ነው።

የምንሠራው ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነበር፤ እኔ ትራክተር ላይ፣ እሷ የካምፑ ወጥ ቤት። ጥቅምት ሲገባ አጫጆች ከጎጃምም ከወሎም ይጎርፋሉ፤ ለዚያ ሁሉ አፍ የሚበስለው ሰው በሚያጥብ ድስት ነው። ውድነሽ ከንጋት እስከ ማታ ድስቱ አጠገብ ቆማ ትውላለች። መቀመጥ አትወድም። «ቁጭ ካልሁ ወጡም ይቀመጣል» ትላለች፤ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያ ዓመት የግራ እግሯ ደም ሥር ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰማያዊ ክር ይመስል ነበር። ኋላ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ወደ ባቷ ወጣ፤ ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ አተር አተር አከለ። ማታ ሲሆን እግሯ ይከብዳታል፣ ያሳክካታል፣ ጫማዋን በመከራ ነው የምታወልቀው። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት አጨዳው ይለቅ ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላት፣ «ማን ደበቀው? ይኸው አፍጥጦ እያየህ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ በረሃ ከእሷ በቀር የእኔ የምለው ሰው አልነበረኝም፤ ፈርቻለሁ።

በዚያ አካባቢ አያ ሰጠኝ የሚባሉ አጋሚ ነበሩ። ዋገምታቸውን፣ ማለትም ጫፉ የተበሳ የበሬ ቀንዳቸውን፣ ከምላጫቸው ጋር በከረጢት ይዘው ከእርሻ እርሻ ይዞራሉ። ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር ያደርጉና መጥፎ የሚሉትን ደም በቀንዱ ይመጥጡታል። ለራስ ምታቱም ለወገቡም ሰው ይወዳቸዋል፤ እጃቸው ቀላል ነው ይባላል። የቆላ ሙቀት ደምን ያጠቁራል፣ የጠቆረ ደም ደግሞ ካልወጣ ልብ ይደርሳል ብለው ያምናሉ። እግር ሲያግሙ ሰውየውን አቁመው ነው፤ ሲቆም ደም ሥሩ ስለሚነፋ ለምላጭ ይመቻል። ከአባታቸው የተቀበሉት እንዲህ ነው።

እኔ ማሳ ላይ ሳለሁ ውድነሽ አስጠራቻቸው። የምሳውን ወጥ አውርዳ የእራቱን ሳትጥድ ቶሎ ታግማ ልትመለስ አስባ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ የእሷ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ብመጣ የወጥ ቤቱ ሴቶች በርጩማ ላይ አስቀምጠዋታል፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ አድርገዋል፣ በመቀነቷ ከጉልበቷ በታች አስረዋታል። ምላጩ ያረፈው በተነፋው ደም ሥር ላይ ነበር። ደሙ አይንጠባጠብም፤ ይረጫል። ሴቶቹ መቀነቱን ጠበቅ ባደረጉ ቁጥር ይብስበታል። ውድነሽ ከንፈሯ ነጥቷል። አያ ሰጠኝ ቀንዳቸውን ጥለው ወደ ግድግዳው ሸሽተዋል።

«ይህች ሴት አንድ ነገር ብትሆን ቀንድዎን ነው የማስውጥዎት» አልኋቸው።

«ልጄ…» ሲሉ ውድነሽን ተሸክሜ ወጣሁ።

ከትራክተሩ ጋር የተቀጠለው ተጎታች ላይ ሰሊጥ በጆንያ ተጭኖበታል። ላውርድ ብል ጊዜ የለም። ወለሉ ላይ በቀረችው ክፍት ቦታ በጀርባዋ አስተኛኋት፤ እግሯ መዘርጊያ ስላጣ ጆንያዎቹ ላይ ተሰቀለ። ሌላ ሰው የምትይዝ ቦታ አልነበረችም። ሞተሩን አስነሣሁና ወደ ሸሕዲ ነዳሁ። እግዚአብሔርንም ትራክተሩንም እኩል ስለማመጥ ነው የሄድሁት።

ደረቁ ወንዝ ጋ ስደርስ አላስችል ብሎኝ አቁሜ ወደ ኋላ ዞርሁ። ደሙ ቆሟል። ደስ አላለኝም። እኔ የማውቀው ቧንቧ የሚደርቀው ታንከሩ ባዶ ሲሆን ነው። አለቀ አልሁ። ወርጄ በተጎታቹ ጠርዝ ላይ ተንጠላጠልሁና ፊቷን ልነካ እጄን ስዘረጋ ዓይኗን ገለጠች። መቀነቷን ፈትታ ይዛዋለች።

«ቀፈደደኝ፣ ፈታሁት» አለች። «ምን ትገትረኛለህ በዚህ ፀሐይ? ንዳ እንጂ።»

ጤና ጣቢያው ደርሰን የተቀበለችን ሲስተር ሙባረካ ናት፤ የአንድ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ቁጣ የማይደክማት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭና ያዘችው፣ አጥባ አሸገችው፣ ግሉኮስ አንጠለጠለችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እግሯን ከፍ አድርገህ ያመጣሃት ማን ነግሮህ ነው?» አለችኝ።

«ማንም። ቦታ ጠፍቶ ነው።»

«በል የጠፋው ቦታ ነው ያተረፋት» አለች።

እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ይዤ ወደ ቤቴ አልገባም። ለምን አልኋት። ከደረቅ ጥያቄዬ ለመገላገል ይመስለኛል፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልብ ደሙን ወደ ታች ሲገፋው ቀላል ነው፤ ጭንቁ መልሱ ነው አለች። ከእግር ጫፍ እስከ ልብ ድረስ ደሙ ዳገት መውጣት አለበት። የሚያወጣው ባት ነው፤ ሰው ሲራመድ ባቱ ደም ሥሩን ጭምቅ ያደርግና ደሙን ወደ ላይ ይሰደዋል። ተመልሶ እንዳይወርድ ደግሞ ደም ሥሩ ውስጥ በየቦታው ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ፤ ደም ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ልመለስ ሲል ግጥም ይላሉ።

«ቫልቭ ነው እንዴ?» አልኋት። «እንደ ውኃ ፓምፕ፣ እንደማይመልሰው ቫልቭ?»

«እሱን ነው። ከጨርቅ የሳሳ ነው ግን። የእሷ ላልቷል። በዘር ይመጣል፣ በእርግዝና ይመጣል፣ ቆሞ መዋል ደግሞ ያባብሰዋል። ደሙ እየተመለሰ ታች ይጠራቀማል፣ ደም ሥሩ ይወጠራል። የጠቆረ ደም አይደለም፤ መንገድ ያጣ ደም ነው።»

ከዚያ የውድነሽን ሌላውን እግር ገለጠች፤ እሱም ጀማምሮት ኖሯል። ተረከዙን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሣችው። ያ እባብ የመሰለ ነገር በዓይኔ ፊት ጎደለ፣ ለሰለሰ፣ ጠፋ። ቆዳዋ የልጅነት ቆዳዋ ሆነ። እንደገና አወረደችው፤ ቀስ እያለ ከታች ወደ ላይ ሞላ። ድገሚው አልኋት። ደገመችው። እኔም በእጄ ይዤ አነሣሁት፤ ጣቶቼ ሥር ደሙ ወደ ቤቱ ሲሄድ ተሰማኝ። ያን ጊዜ አፌ ተያዘ። ስንቱን ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ናፍጣ የማይጠይቅ፣ ድምፅ የሌለው፣ ሰው ወጥ እያማሰለ ዳገት ለዳገት ደም የሚያወጣ ማሽን ከጎኔ ሲተኛ መኖሩን አላውቅም ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ አላፈርሁም።

«ታዲያ ይቆረጥ ይሆን?» አለች ውድነሽ ቀስ ብላ። ለካ ሆዷ ውስጥ ይዛው የኖረችው ይኼን ነበር።

«ምኑ ነው የሚቆረጠው?» ተቆጣች ሲስተር ሙባረካ። «የላላው አይመለስም፣ ግን ይገራል። ተቀምጠሽ አብስይ። ስትቆሚም እንደ ግንድ አትገተሪ፤ ወዲህ ወዲያ በይ፣ ተረከዝሽን አንሺ፣ ጣይ። ጧት ከአልጋ ሳትወርጂ በሚለጠጥ ፋሻ ከጣትሽ ጀምረሽ ወደ ላይ ጠቅልይ፤ ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ። ማታ እግርሽን ከልብሽ በላይ ስቀይ። ከደማ ተኝተሽ፣ እግርሽን አንሥተሽ፣ መጫን ነው፤ ማሰር የለም፤ መቀነቱ የደሙን መመለሻ ዘግቶ ነው ያባሰው። አንዱ ባትሽ በድንገት አብጦ ካመመሽና ካተኮሰሽ ግን ሳታሺው ወዲያው ነይ። ምላጭ ደግሞ እንዳላይ።» ቀዶ ጥገና ካስፈለገም ጎንደር እንደምትልካት ነገረችን።

ወደ ካምፕ ስንመለስ ለምድጃው ልክ የሚሆን ከፍ ያለ ዱካ ከሳንቃ መታሁላት። አጫጆቹ ሳቁባት፤ እሷም ተቀምጣ ሰደበቻቸው። ወጡ እንደ ቀድሞው ነበር። ማታ ማታ እግሯን ግድግዳው ላይ ስትሰቅል ቁጭ ብዬ አያለሁ። «ሌላ ሥራ የለህም?» ትለኛለች። የለኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት አያ ሰጠኝ መጡ። ከረጢታቸውን አልያዙም። ሁለት ልብ ሆኜ ተነሣሁ፤ አንደኛው ልቤ ቀንዱን የማስዋጡን ነገር አልረሳውም። ውድነሽ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ ልል ነው የመጣሁ» አሉ።

«ይቅር ለእግዜር። ይልቅ ይዩ» አለችና ፋሻዋን ፈትታ ቆመችላቸው። ደም ሥሩ ተነፋ። ተመልሳ ተጋደመችና እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ጠፋ።

አያ ሰጠኝ ጎንበስ ብለው አዩ። በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሳንጠይቃቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። ከእሷ የባሰ ነበር፤ ሁለቱም ባታቸው ተቋጥሮ ተቋጥሮ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቆዳው ጠቁሮ ደርቋል።

«ለምን የራስዎን አላገሙትም?» አልኋቸው። ለመውጋት ነበር የጠየቅሁት።

«ፈርቼ» አሉ።

ውድነሽ ከመደቡ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላቸው። «ይስማው፣ አንሣላቸው» አለችኝ።

አስተኛኋቸው። ተረከዛቸውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ አነሣሁ፤ እግራቸው እንደ ሕፃን ቀላል ነበር። ቋጠሮው አንድ በአንድ ሟሸሸ። እሳቸው ተኝተው ስለሆነ አይታያቸውም።

«ሄደ?» አሉ።

«ሄደ አያ ሰጠኝ።»

ጣራውን እያዩ፣ «ስንቱን ሰው አቁሜ ነው የበጣሁት» አሉ። «አንዱን እንኳ አጋድሜ አላየሁም።»

እጄ ዝሎ ነበር፤ እግራቸውን ግን አላወረድሁም።