የሚያፏጨው ካርቡራቶር

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። በሩ ጋ ብርድ አለ፣ ወዲህ ጠጋ በሉ። የመካኒኩን የደመቀን ነገር ላውጋችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በጸሎት የሚገኝበት። ደመቀ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችው። ወገቡን ያጎበጠው ዕድሜ አይደለም፣ የመኪና ኮፈን ሥር ማጎንበስ ነው።

ጋራዡን ከመክፈቱ በፊት በየማለዳው አንድ ሥራ ነበረበት። እትዬ ዘመነች ግቢ ይገባና የልጃቸውን የተክለማርያምን አሮጌ ፔዦ በማኖቬላ፣ በዚያ በብረቱ የሞተር ማዞሪያ፣ አዙሮ ያስነሳል። ተክለማርያም ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ «ጋሽ ደመቀ፣ አደራ፣ መኪናዬ ቆማ እንዳትደርቅ። እናቴም ድምጿን ትስማ» ብሎት ነበር የሄደው። ደብዳቤው ከተቋረጠ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል። ደመቀ ግን ቤንዚን በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። መኪናዋ ትስልና ትነሳለች፤ ከዚያ ካርቡራቶሯ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልላት ዕቃ፣ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ውስጡ ተበልቶ አየር ስለሚያስገባ ነው። እትዬ ዘመነች በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጣሉ። ሲያበቃ «ተባረክ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም።

ደመቀ ደክሞት ነበር። የደከመው ክንዱ ብቻ አይደለም፤ ልጃቸውን በዚያ ድምፅ የሚጠብቁ እየመሰለው፣ እሳቸውን ቀና ብሎ ማየትም ደክሞታል።

አንድ ቀን ገረሱ መኪናውን በሰው አስገፍቶ ጋራዡ ደጃፍ አመጣ። ገረሱ ከአስኮ ሰው እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ ነው። የእሱም ፔዦ ናት፤ ግን ኢንጀክሽን የሚሏት፣ በካርቡራቶር ፈንታ ቤንዚኑን በኃይል የሚረጭ ፓምፕ ያላት።

ደመቀ ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ።

«ገረሱ፣ ምን አጠጣሃት?»

«ቤንዚን።»

«ገረሱ!»

«እሺ፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ ቀላቅዬባታለሁ። ኩፖኑ አልቆ ምን ላርግ? ሰፈሩ ሁሉ ይቀላቅል የለ!»

«የሰፈሩ ካርቡራቶር ነው፤ እንደ እኛ ያገኘውን ይበላል። ይቺ የባላባት ልጅ ናት፣ አንጀቷ አልቻለውም።»

ፓምፑ ውስጥ ውስጡን ተፋፍቆ አልቋል። አዲስ ማስመጣት የማይታሰብ ነው።

«ኢንጀክሽኑን አውጥተን ካርቡራቶር እንግጠምላት» አለ ደመቀ።

«ከየት ይመጣል?»

ደመቀ ኮፈኑን ከደነ። በኮልፌ ለዚህ ሞተር የሚስማማ፣ ሰው በማይነዳው መኪና ላይ ያለ ካርቡራቶር አንድ ብቻ እንዳለ ያውቃል። በየማለዳው ሲያፏጭ ይሰማዋላ።

በማግስቱ እትዬ ዘመነች ግቢ ገባና ማኖቬላውን እንደያዘ ቆመ።

«ምነው ዛሬ ተገተርክ? ወገብህ ነው?»

«አይ፣ እትዬ... የገረሱ መኪና ሞተችበት። ልጆቹ...»

«ካርቡራቶሩን ነው የፈለግከው?»

«እርስዎ ካርቡራቶር ያውቃሉ እንዴ?»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ዓይኔ ሥር እየፈታህ ስትጠርግ! ዕውር መሰልኩህ?» ሳቅ አሉና ቶሎ ተዉት። «ልጄ ድምጿን ሰምቶ የሚመጣ መስሎኝ እንዳይመስልህ። ሰው በመኪና ድምፅ ከግንባር አይመለስም። እኔ የማልችለው፣ ጠዋት ቤቱ ዝም ሲል ነው።»

«እንግዲያው ይቅር፣ እትዬ።»

«ማን ይቅር አለህ? ፍታው። ብቻ ገረሱ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ በደጄ ይለፍ። ሞተሩን ሳያጠፋ ቆም ብሎ ደህና አደሩ ይበለኝ።»

ደመቀ ካርቡራቶሩን ከነመቀመጫው ፈታው። ትንሿን የቤንዚን ፓምፕም አብሮ ወሰደ፤ የገረሱ መኪና ከታንከር ቤንዚን የሚስበው ሌላኛው ፓምፕ ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ ካርቡራቶሩን ያጥለቀልቀዋል። ገጥሞ ሲያስነሳት ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፋ። የቤንዚን መመጠኛዋን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያጠበቀ ጆሮውን ሰጠ። ጭሱ ጠራ፤ ፉጨቱ መጣ።

«ፉጨቱን አጥፋልኝ እንጂ! ቤንዚን ይበላብኛል» አለ ገረሱ።

«ይብላ።»

«ሰውዬ፣ በኩፖን እኮ ነው የምኖረው!»

«ፉጨቱ የአንተ አይደለም፣ ገረሱ። አደራ ነው።»

ይባስ ብሎ ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረገው፤ መኪናዋ ቆማም ቢሆን ድምጿ ከመንገድ እስከ በረንዳው እንዲደርስ።

በማግስቱ ጠዋት ደመቀ ባዶ እጁን አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ገረሱ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። እትዬ ዘመነች ዓይናቸውን ጨፍነው ፉጨቱን አዳመጡ።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። በል ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል።»

ደመቀ ያኔ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ቀና ብሎ አያቸው።

ተክለማርያም አልተመለሰም። ገረሱ ግን እትዬ ዘመነች በሕይወት እስካሉ ድረስ በዚያ ደጅ ሳይቆም አላለፈም።

እናንተም ልጆቼ፣ ጠዋት ስትወጡ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰው ደጅ የቆመ አሮጌ መኪና ካያችሁ አትቆጡት፣ ጥሩምባም አትንፉበት። ያቺን ፉጨት አስታውሱልኝ።