አንቱ የተባለው ቁስል

የሚኒባስ ሹፌሩ ዘርጋው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቁስሉ አፍ አውጥቶ ተናገረ።

«ትኩሳት አለኝ» አለ። ድምፁ ጎርናና ነበር።

ይህንኑ ዘርጋው ራሱ ከትናንት ጀምሮ ሲናገር ነበር። ስፌቱ ዙሪያውን ቀልቶ እንደሚፋጅ፣ ሕመሙም እየባሰበት እንደሄደ ለሲስተር ብዙነሽ ነግሯታል። «ኦፕራሲዮን እኮ ነው የተደረግከው፣ ሠርግ አይደለም» ብላዋለች። ሚስቱ እማዋይሽ ፋሻው ላይ ቢጫ ፈሳሽ አይታ ስትጣራ ደግሞ፣ የጥየቃ ሰዓት አልቋል ተብላ ወጣች።

አሁን ግን የተናገረው ቁስሉ ስለሆነ ዶክተር መሐሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለዘርጋው ተቀምጦለት አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት?» ሲል ቁስሉን በአክብሮት ጠየቀ።

«ከትናንት። ሰውየው ነግሯችሁ ነበር።»

«እሱ ብዙ ያወራል።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ…» አለ ዘርጋው።

«አንተ ቆይ፤ አታቋርጣቸው።»

ቁስሉ መግል መያዙን፣ መሽተት መጀመሩን፣ ክሩ ቢፈታለት እንደሚቀለው በዝርዝር አስረዳ። ሲስተር ብዙነሽ አንድም ቃል ሳታስቀር ጻፈች። ሙቀቱ ሲለካ ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ ሆነ። ዶክተሩ ክሩን ፈታ፤ መግሉን አፈሰሰ፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከ፤ ቁስሉን አጥቦ ክፍቱን በፋሻ ሸፈነው። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም ታዘዘ።

«አሳመምንዎት?» አለ ዶክተሩ።

«እኔን እንኳ አላመመኝም» አለ ቁስሉ። ዘርጋው ትራሱን ነክሶ ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ። ዶክተሩ ወደ ፋሻው ጎንበስ ብሎ «በጊዜ ስለተናገሩ ሕይወቱን አተረፉት» ሲል አመሰገነ።

እማዋይሽ የባሏን እጅ እንደያዘች «ቁስሉ ባይናገርስ ኖሮ?» አለች።

ዶክተሩ አልሰማም፤ የጠየቀችው እሷ ነበረች። እሱና ሲስተር ብዙነሽ በሩን ዘግተው ወጡ።

ጎረቤት አልጋ ላይ፣ የተሰበረ ዳሌያቸው በቅርቡ የተጠገነላቸው አንድ መምህር ተኝተዋል። ብርድ ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉ። ከጠዋት ጀምሮ ያበጠው ባታቸው ላይ ትንሽ አፍ ተከፍቷል። ከንፈሮቹ በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። ከአፉ ግን ድምፅ አይወጣም።