ትርፍ የቀረችው ፖስታ

በዕድሜዬ ስንት ፖስታ ላይ የስንት ሰው ስም እንደጻፍኩ እንጃ፤ በዚያች ቅዳሜ ግን መቶ ስልሳ ሦስት ነበር። የናፊያ የሠርግ ጥሪ ነው። እናቷ ኸዲጃ፣ «ሐረር ውስጥ እንዳንቺ አድርጎ የሚጽፍ የለም» ብላ ፖስታውን ከነስም ዝርዝሩ አልጋዬ ላይ ዘረገፈችው። ጠርዛቸው ላይ ወርቃማ መስመር ያላቸው ጥሩ ፖስታዎች ነበሩ።

ጀጎል ውስጥ ከኸዲጃ ግቢ አንድ ክፍል ከተከራየሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ከደብረ ማርቆስ ስመጣ ሐሳቤ ለአንድ ዓመት ነበር። ኸዲጃ ባሏ በቅርቡ ሞቶባት፣ የሦስት ዓመቷን ናፊያን ታቅፋ በር ከፈተችልኝ። በሳምንቱ ልጅቷ ጉልበቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም በዚያው ቀረሁ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ኩፍኝ ሲይዛት ከኸዲጃ ጋር በየተራ አስታመናታል። ኸዲጃን «እማ» ትላታለች፣ እኔን «እማ ሥርጉት»። ልጅ አልወለድኩም፤ ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሲጠይቀኝ ናፊያን አሳይ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ እኔው አስተማርኳት። አንድ ቀን ‹ኢንቫይት› የሚለውን ቃል ከነዘመዶቹ ሰሌዳው ላይ ደረደርኩት፤ መጋበዝ፣ መጥራት፣ በአክብሮት መጠየቅ፣ ሲከፋም በገዛ ራስ ላይ መዘዝ መጥራት። ቀጥዬ «ለሠርጋችሁ የምትጠሯቸውን አሥር ሰዎች ጻፉ» አልኳቸው። ናፊያ አሥር ጎረቤትና ጓደኛ ጽፋ አመጣች። በቀይ እስክሪብቶ «እናትሽን ረስተሻል» ብዬ አንድ ማርክ ቀነስኩባት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ማርክ ወዳድ ናት ብዬ ስቄ አለፍኩ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ስም እየጻፍኩ ነው። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አሉ። የባንክ ቤት ሰዎች አሉ። አምና የተቀጠረው የስፖርት አስተማሪ ሚኪያስ፣ የናፊያን ስም እንኳ አስተካክሎ የማይጠራው ሰውዬ፣ «ከነባለቤቱ» ተብሎ አለ። እኔ የለሁም። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። የለሁም። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ፖስታ ተረፈች። ይቺ የኔ ናት፣ ራሷ ልትጽፍልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ናፊያ ገብታ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ባዶዋንም አነሳችና «ይቺ ትርፍ ናት፤ የረሳነው ሰው ካለ ለሱ ትሆናለች» ብላ ግንባሬን ስማኝ ወጣች።

ሰው ይጠይቃል አይደል? እኔ አልጠየቅኩም። እኛ ቤት ሳይጠሩ መሄድ ነውር ነው፤ ለምን አልተጠራሁም ብሎ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነውር። ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራይ ብቻ ነበርኩ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንን ሳብሰለስል ከረምኩ።

ሐሙስ ዕለት ኸዲጃ በሬ ላይ ቆመች። ሠርጉ የሚደገሰው በሟች ባሏ ወንድም ሰፊ ግቢ ስለነበር ጓዟን ይዛ ወደዚያ ልትሄድ ነው።

«ሥርጉት፣ ያቺ አረንጓዴ ጥልፍ ያላት ቀሚስሽ ታጥባለች?»

ደሜ ፈላ። ሳይጠሩኝ ልብሴን ሊዋሱ! ቀሚሱን አጣጥፌ አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ውሰጃት። ያማረባት ትልበሳት» አልኩ።

«አቦ፣ ምን ሆነሻል አንቺ? ወላሂ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ሁላችንም ደክሞናል። እሁድ ኢንሻአላህ ያልፋል» አለችና ቀሚሱን ይዛ ሄደች።

እሁድ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ድሬዳዋ ወረድኩ። ስልኬን አጥፍቼ ጓደኛዬ ሃና ቤት ዋልኩ። «የናፊያ ሠርግ ዛሬ አይደለም እንዴ?» ብትለኝ፣ «የሰው ሠርግ ምን አገባኝ» አልኳት። ይህን በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ቀኑን ሙሉ ግን ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት አልተነቀለም።

ሰኞ ስመለስ ኸዲጃ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ቀሚሴ ጉልበቷ ላይ ነው፤ እንዳጣጠፍኩት አለ።

«የት ነበርሽ?»

«ድሬዳዋ።»

«አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። ሳይጠሩኝ የምሄድ ሰው አይደለሁም።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ዓይኗ ግን አብጧል።

«ትናንት የሙሽራው ወገን መጥቶ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጠ» አለች። «ናፊያ አልወጣም አለች። እኔ በቀኝ፣ አንቺ በግራ ይዘናት ልንወጣ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትለው እኮ ነው። ቀሚስሽን እዚያ እንድትለብሺው ክፍሏ ውስጥ ሰቀልኩልሽ። ጾም ላይ ነሽ ብዬ ሥጋ ባልነካው አዲስ ድስት ምስር አሠራሁልሽ። ስልክሽ አይሠራም። ጎረቤታችንን አሚንን ሁለቴ ልኬ በርሽን አስንኳኳሁ። በመጨረሻ አጎቷ ተቆጣ። አክስቷ በግራ በኩል ልትይዛት ብትሞክር እጇን ነጠቀቻት። ግራ እጇን ለማንም ሳትሰጥ ወጣች።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ካርድ አልሰጣችሁኝም እኮ፣ ኸዲጃ» አልኩ። «ያን ሁሉ ሰው ስትጠሩ፣ እኔን ማን ጠራኝ?»

«እኔንስ ማን ጠራኝ?» አለች።

ቀሚሱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ገባች። ናፊያ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ለምን እንዳኮረፈች ያኔ ገባኝ። ደጃፌ ላይ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ያለፈ ያገደመው ቢያየኝም ግድ አልነበረኝም።

ናፊያ ከባሏ ጋር ጅግጅጋ ገብታ ነበር። ደወልኩላት። ይቅርታ አልኳት፣ ሞኝነት ነው አልኳት፣ አለቀስኩ። «ችግር የለም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ «ችግር የለም» አለችኝ፤ አንዴ እንኳ «እማ ሥርጉት» አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ለገናና ለፋሲካ ትደውላለች። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ትምህርት ቤቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሰው ጠራኝ ብላ ትዘጋዋለች።

በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደች። ኸዲጃ ስልኩን እንደዘጋች ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ መኪና ተራ ሮጠች። «ነይ እንጂ!» አለችኝ ከበሩ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ለሕፃኗ የሠራሁትን ሹራብም ከላይ አደረግኩ። ግን ናፊያ ባትፈልገኝስ ብዬ ፈራሁ። «ነገ እከተልሻለሁ» አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሻንጣው አልጋዬ ላይ፣ እኔ አጠገቡ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን።

በአራተኛው ቀን ከጅግጅጋ የመጣ ሾፌር ፖስታ አደረሰኝ። በላዩ ላይ፣ እጇን ይዤ ባስተማርኳት በዚያ ጽሕፈት፣ «ለተከበሩ መምህርት ሥርጉት» ይላል። ከፈትኩት። «በልጃችን የስም ማውጣት ዝግጅት ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል» ይላል፤ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የቤቱ አድራሻ ሳይቀር አለ።

ፖስታውን መልሼ አየሁት። ጠርዙ ወርቃማ መስመር አለው። ያቺ ትርፍ የቀረችው ናት።