የቀትር ጠረጴዛ

ሰው ሁሉ ጨለማን ይፈራል። የሀብተሚካኤል እናት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚፈሩት ቀትርን ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ልጆቻቸውን ከአቃቂ ወንዝ ዳር እየተጣሩ ይሰበስባሉ፤ «በቀትር ወንዝ የወረደ ሰው ብቻውን አይመለስም» ይላሉ። ሀብተሚካኤል በዚህ ነገር እየሳቀ አድጎ፣ እየሳቀ እናቱን ቀብሮ፣ እየሳቀ አርባ ሁለት ዓመት ሞላው። መሳቁን የተወው ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ነው።

የዚያን ቀን የፋብሪካው ሳይረን ለምሳ ሲጮህ ብረት የሚቀርጽበትን ቶርኖ አጠፋ፤ እጁን ታጠበ፤ የምሳ ዕቃውን ይዞ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ሥር፣ ወንዙ ከሚታይበት ግንብ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። ምሳውን እየበላ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ይጫወታል። ጨዋታው በኢንተርኔት ነው፤ ስድስት ሰው የሚቀመጥበት፣ በሳንቲም የሚያስይዙበት ጠረጴዛ። አንዱ ሲያስይዝ ሌላው ወይ ያንኑ ያህል ከፍሎ ካርታውን ያያል፣ ወይ የራሱን ጥሎ ይወጣል። ማንም አይከብርበትም፣ ማንም አይደኸይበትም። በምሳ ሰዓት ሃያ ሠላሳ ዙር ይጫወትና ሳይረኑ ሲደግም ይዘጋዋል። እዚያ ላይ ስሙ «ቶርኖ» ነው። ጠረጴዛው ሲከፈት ከታች በግራ በኩል ባለው ወንበር ላይ «ድልድይ» የሚባለው ተጫዋች ተቀምጧል።

ድልድይ ካሳሁን ነው። ካሳሁን ደግሞ ከሞተ ያን ዕለት ሃያ ስምንት ቀኑ ነበር።

ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቶርኖ ላይ ቆመዋል። ፖከሩን ያመጣው ካሳሁን ነበር። መጀመሪያ ሁለቱም እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተበሉ። ሀብተሚካኤል ዕድሉን ሲራገም ካሳሁን ደብተር ገዛ። የትኛዎቹን ሁለት ካርታዎች ይዞ መግባት፣ የትኞቹን ወዲያው መጣል እንደሚገባ፣ ወንበሩ ፊተኛ ሲሆንና ኋለኛ ሲሆን እየለየ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አሰመረው። ከሥሩም ሕግ ጻፈ፤ ሁሉን የሚከፍል ሰው ላይ በባዶ ካርታ አታስፈራራ፤ ካርታህ ጥሩ ሲሆን ብቻ መሀል ካለው ገንዘብ ግማሹን አስይዝ፤ ስትናደድ ተነስ። በደብተሩ ያልጻፈው አንድ ልማድ ደግሞ ነበረው። የያዘው ካርታ ምንም ይሁን ምን፣ ከመወሰኑ በፊት በልቡ እስከ አሥር ይቆጥራል። ቶሎ የሚጥል ባዶነቱን፣ ቶሎ የሚከፍል ስስቱን ያሳያል ባይ ነው። በጥሩውም በመጥፎውም ካርታ እኩል ስለሚቆይ የያዘውን የሚያውቅበት አልነበረም።

«አንተ ካርታ አያንስህም» ይለው ነበር ሀብተሚካኤልን። «ስትፈራ ትዘገያለህ። ስትዘገይ ይቆጭሃል። ሲቆጭህ ትከፍላለህ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ካሳሁን ፋብሪካውን ለቆ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ። ከዚያ ወዲህ መገናኛቸው የቀትሩ ጠረጴዛ ሆነ። ማታ ማታ ደግሞ አንዱ ይደውልና «አንድ ዙር ላማክርህ» ይላል፤ መክፈል ነበረብኝ ወይስ መጣል እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ሚስቶቻቸው በዚህ ይስቁባቸው ነበር።

አሁን ወደሚያመው ነገር እንምጣ። ካሳሁን በሚያዝያ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ሀብተሚካኤል ሰምቷል፤ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲል ሳምንት አለፈ። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ካሳሁን ደወለ። ሀብተሚካኤል ግሩም ካርታ፣ ሁለት ንጉሥ፣ ይዞ ነበር። «ይቺን ዙር ልጨርስ» አለና ድምፁን አጠፋው። ስልኩ ደግሞ ጠራ፤ አሁንም ዝም አለው። ዙሩን ተበላ፤ ተናደደ፤ በንዴቱ ማታም ሳይደውል አደረ። በማግስቱ ካሳሁን ሞተ።

ሰርግ ሲጠሩ፣ ለቅሶ ሲሰሙ ነው የሚኬደው፤ ይህን አገር ያውቀዋል። ሀብተሚካኤል ሰማ፤ ግን በየትኛው ፊቱ ይሂድ? ቀብሩ አመለጠው። ሰልስት አለፈ። በሰባተኛው ቀን የራሱ የካሳሁን ቁጥር ደወለ፤ «ካሱ» የሚለው ስም ስክሪኑ ላይ ሲበራ ስልኩን ከእጁ ጣለው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ደወለ፤ አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ቀን በገፋ ቁጥር የካሳሁን በር ከእሱ እየራቀ ሄደ። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ደግ አባት፣ ለዕድር የማይታማ ሰው፣ የወንድሙን ያህል የሚወደው ጓደኛው ለቅሶ ላይ ሳይደርስ ወር ሊሞላው ነው። ኀፍረት የያዘው ሰው ዘወትር እንዲህ ሞኝ ነው።

እና ያ ስም አሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ካርታ ታደለ። የድልድይ ተራ ደረሰ። ሀብተሚካኤል ሳያስበው መቁጠር ጀመረ፤ አሥር ሲል ድልድይ ካርታውን ጣለ። በሚቀጥለው ዙርም አሥር፤ ጣለ። በሦስተኛው ዙር አሥር ሲሞላ ገባ፤ ቀጥሎም አሥር ቆጥሮ መሀል ካለው ግማሹን አስያዘ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ቆማ እየነደደች የሀብተሚካኤል ጀርባ በረደው። ወንዙ ያለወትሮው ድምፅ አልነበረውም። የመልእክት ሳጥኑን ከፍቶ «ካሱ?» ብሎ ጻፈ። መልስ የለም። ሳይረኑ ሲጮህ የድልድይ ስም ከጠረጴዛው ጠፋ።

የብየዳው ሠራተኛ ሶሬሳ ነገሩን ሲሰማ ሳቀበት።

«አንተ ሰውዬ፣ አካውንቱን ሌባ ወስዶት ነው» አለው።

«ሌባ አሥር እየቆጠረ ይጫወታል?»

«ኔትወርክ ነዋ! ስልኬ እኮ ሰላም ለማለት እንኳ አሥር ይቆጥራል።» ሶሬሳ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ገፋ አድርጎ አየው። «ለቅሶ ግን ደርሰሃል አይደል? ለቅሶ ከደረስክ ሙት ምን ያደርግሃል።»

«ደርሻለሁ» ብሎ ዋሸ። ውሸቱን ከተናገረ በኋላ ምሳ ዕቃውን ሳይጨርስ ከደነው።

በማግስቱም ድልድይ ነበር። በሦስተኛውም። ሁልጊዜ ቀትር ላይ፣ ሁልጊዜ በዚያው ወንበር፣ አሥር ቆጥሮ ይጥላል፣ አሥር ቆጥሮ ግማሹን ያስይዛል። ሀብተሚካኤል ሌላ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ድልድይ ሁለት ዙር ሳይሞላ ተከትሎት ይመጣል። ስልኩን ላለመክፈት ምሎ ከሠራተኛው ጋር ምሳ ቤት የገባ ቀን እንኳ ሆዱ አልቻለም፤ ጉርሻውን ጥሎ ወደ ግንቡ ተመለሰ። ፈርቷል። ፍርሃቱን ግን ናፍቆት ይነካካዋል፤ አንዳንዴ ያ ስም ጥሩ ዙር ሲጫወት ሳይታወቀው «አበጀህ» ይላል። በሕይወት ሳለ ድምፁን ያጠፋበትን ሰው፣ ሞቶ ሲመጣ በየቀኑ ይጠብቀው ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን እንዲህ ሆነ። ሀብተሚካኤል ሁለት ጥንድ ያዘ። መሀል ላይ የቀይ ልብ ምልክት ያለባቸው ሦስት ካርታዎች ተዘርግተዋል። ሌሎቹ ጥለው ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የመጨረሻዋ ካርታ ወጣች፤ አሥር ተቆጠረ፤ ድልድይ ግማሹን አስያዘ።

ሀብተሚካኤል በተማረው መንገድ አሰበ። ይህ ሰው ከዚህ ቀደም በባዶ አስይዞ ያውቃል? አያውቅም። በዚህ አጨዋወት ምን ምን ሊይዝ ይችላል? ከመሀሉ ሦስት ጋር አምስት የሚሞላ ሁለት ልብ፣ አለዚያም ከዚያ የሚበልጥ። የእኔ ሁለት ጥንድ ከእነዚህ የቱን ይረታል? አንዱንም አይረታም። ልጅም የሚጥለው ካርታ ነው። ሕጉ ሁሉ ጣል አለው። ግን በፖከር ያልከፈለ አያይም፤ ከፈለ።

ካርታው ተገለጠ፤ ሁለት ልብ ነበር። ወዲያው የመልእክት ሳጥኑ በራ፤ ከድልድይ የመጣ አንድ መስመር።

«አርባው እሑድ ነው።»

ለቅሶ ሰው አይጠራበትም። ያልሄደ ይታዘቡታል እንጂ መልእክት አይልኩበትም። ሀብተሚካኤል በዚህ ዓለም ወደ ለቅሶ የተጠራ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ጠሪው ደግሞ ሟቹ። ከሰዓት በኋላ ቶርኖው ላይ ሁለት ዕቃ አበላሸ።

እሑድ ጥቁር ኮት ለብሶ በሚኒባስ ቱሉ ዲምቱ ወረደ። ካሳሁን ይኖርበት በነበረው ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ድንኳን ተተክሏል፤ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው እህል ቀርቧል። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሰዓት። ድንኳኑ ጥግ ላይ አቀርቅሮ እንደተቀመጠ አንዲት ሴት መጥታ «የሺሐረግ ከላይ ትፈልግሃለች» አለችው። የሺሐረግ የካሳሁን ሚስት ነች። ደረጃውን ወጣ።

የሺሐረግ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ።

«ዘገየህ ሀብቴ» አለችው። ቁጣ አልነበረበትም። ከነጠላዋ ሥር የካሳሁንን ስልክና አንድ ያረጀ ደብተር አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«ጨዋታውን አላውቀውም። ካርታው ሲመጣ ሰንጠረዡን አያለሁ፤ ጣል ካለኝ እጥላለሁ፣ አስይዝ ካለኝ ግማሹን አስይዛለሁ። ስደውልልህ አታነሳም። እዚህ ላይ ግን ቀትር ቀትር አንድ ቀን አትቀርም።»

እፎይ ማለት ነበረበት፤ ሊልም ትንሽ ቀርቶት ነበር። «አሥር መቁጠሩን ግን እንዴት አወቅሽው?» አላት።

«ምን አሥር?»

«ከመወሰንሽ በፊት የምትቆጥሪውን።»

«እኔ ምን እቆጥራለሁ፤ ሰንጠረዡን እንዳየሁ ነው የምጫነው» አለች።

ሀብተሚካኤል ደብተሩን አነሳና ገጹን ሁሉ አገላበጠ። ስለ አሥር የተጻፈ አንድ ቃል አልነበረበትም። ከታች ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን እንደዚያ ግንብ ላይ እንደነበረው ጸጥ ብሏል። የሶሬሳን ኔትወርክ ሊያምን ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ለምን ፈለግሽኝ?»

«የዚያን ቀን ለምን እንደደወለልህ ልነግርህ» አለች የሺሐረግ። «ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አለ። መዳኑም መሞቱም ግማሽ በግማሽ ነው፤ እስከ ማታ ወስኑ አለን። እኔ ፈርም አልኩት። ወንድሙ ፈርም አለው። እሱ ግን ‹አንድ ዙር ሀብቴን ላማክር› አለ፤ እየሳቀ። ሁለት ጊዜ ደወለልህ።»

ሀብተሚካኤል ግድግዳውን ያዘ።

«ሳታነሳ ስትቀር ‹ይደውላል› አለኝ። የመጨረሻውን ገጽ እየው።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ካሳሁን አብረውት ስለሚቀመጡ ተጫዋቾች ጽፏል፤ ማን ቶሎ እንደሚናደድ፣ ማን በባዶ እንደሚያስፈራራ። ከሁሉም በታች በዚያ በተስተካከለ ጽሑፉ «ቶርኖ» ይላል። «ሲፈራ ይዘገያል። አትቸኩልበት፤ ጠብቀው። አይቀርም።»

«ጠበቀህ» አለች። «ማታም ሐኪሙን እስኪነጋ ታገሡኝ አለው። ሌሊቱን ደከመ። ጠዋት ሐኪሙ አይቶት አሁን ቀዶ ጥገናውን አይችለውም አለ።»

ሀብተሚካኤል አለቀሰ። ወር ከአሥር ቀን የዘገየ ልቅሶ ነበር፤ እሷም እስኪወጣለት ተወችው።

«ልወቅስህ አልጠራሁህም» አለችው በኋላ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ስልኩን ብታነሳ ምን ትለው ነበር?»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በልቡ ሲቆጥር ራሱን አገኘው፤ የሚቆጥረው እሱ ብቻ አልመሰለውም። አሥር ላይ ቀና አለ።

«ክፈል እለው ነበር። ፈርም።»

የሺሐረግ ራሷን ነቀነቀች። ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው።

«እሱም ሀብቴ ክፈል ነው የሚለኝ ብሎ ነበር» አለች። «ካንተ አፍ ሊሰማው ነው የጠበቀው።»