የላንቴ ሂፒዎች

ሂፒ ለመሆን አርባ ዓመት ያህል ዘግይተን ነበር። እኛ ግን መዘግየታችን አልታወቀንም። አርባ ምንጭ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ስለሚደርስ ተራችን የደረሰ ነው የመሰለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. በጓደኛዬ በኑሀ አባት ሱቅ ነው። አባቱ ጋሽ ጀይሉ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ስልክና ሬዲዮ ይሸጣሉ፤ ኑሀ ደግሞ ከትምህርት መልስ ለደንበኞች ዘፈን ይጭናል። አዞ ሊያይ የመጣ አንድ ፀጉረ ረጅም ፈረንጅ ፎቶዎቹን እንዲገለብጥለት ፍላሹን ሰጠው። ከፎቶዎቹ ጋር የሂፒዎቹ ሮክ ሙዚቃም አብሮ ተገለበጠ። የመጀመሪያውን ዘፈን የሰማን ቀን ሻይ አዝዘን፣ ጠጥተን፣ ብርጭቆው ከተነሳ በኋላም ዘፋኙ ገና አልጀመረም ነበር።

«ይኼ ነው ነፃነት» አለ ኑሀ።

ተስማማሁ። እኔ መስማማት አይቸግረኝም። ሁልጊዜ ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ስለሚመስለኝ በሕይወቴ ክርክር አሸንፌ አላውቅም።

ኑሀ ጊታር ያዘ፤ እኔ ቤዝ። የክፍላችን ልጅ ካሱ ከጋሞ ገጠር፣ ከካምባ ነው የመጣው፤ ድራሙን ለእሱ ሰጠነው። ሦስታችንም የመስኖ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። እኔ ከአባቴ ሻንጣ ቤልቦተም ሱሪ አወጣሁ። ኑሀ ነጭ ካናቴራዎቻችንን ቋጥሮ በእርድ ነከራቸው፤ እናቱ እትዬ ሰዓዳ አይተው «ወጥ የተደፋበት ነው የሚመስለው» አሉ። ፈረንጆቹ አእምሯቸውን ያሰፉበት የነበረውን ዕፅ ግን አልደፈርንም። በስፕሪስ ጭማቂ ተካነው። የአቮካዶው አረንጓዴ፣ የማንጎው ቢጫና የፓፓያው ቀይ ብርጭቆው ውስጥ ተደራርቦ ሲታይ ቀለሙ ቢያንስ ከሂፒዎቹ ልብስ ጋር ተመሳሳይ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ግን ለበዓሉ ነው። ሜዳ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ የሰላምና የፍቅር የሙዚቃ በዓል። ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ላንቴ ሄደን ሙዝ የሚያለሙትን ጋሽ ኦይታን ከቤታቸው ፊት ያለውን ሜዳ እንዲያውሱን ለመንናቸው።

«ለምንድን ነው?» አሉ።

«ለሰላም» አልኳቸው።

ትንሽ ካሰቡ በኋላ «ለሰላም ከሆነ ኑ» አሉን።

የበዓሉ ዕለት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙ ተማሪ መጣ። ከአስፋልቱ እስከ ሜዳው ተሰልፈን በእግር ለመግባት ተስማምተናል። ፈረንጆቹ ሲሰለፉ አበባ ይይዙ ነበር። ላንቴ ውስጥ በብዛት ያለው አበባ የሙዝ አበባ ነው፤ እሱም የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ስለዚህ አበባውን በሣር እንተካ አልኩ። ከቦዩ ዳር ርጥብ ሣር እየነጨን ሁላችንም በእጃችን ያዝን። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ካሱ ትልቁን ከበሮ ተሸክሞ ከኋላ።

ጋሽ ኦይታ ደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ሲያዩን ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለቤታቸው እትዬ ልክነሽ ከቤት ወጥተው መሬቱን ሳሙ።

«ገነነ ነው የላካችሁ?» አሉ ጋሽ ኦይታ።

ገነነ ማን እንደሆነ አላውቅም። አፌን ከመክፈቴ በፊት ቀጠሉ፦

«እኔም ደክሞኛል። ሣር ይዛችሁ መጥታችሁ እንዴት እምቢ እላለሁ? ይምጣ።»

ከኋላዬ ካሱ ከበሮውን አስቀምጦ ደረሰ። በጋሞ ባህል ርጥብ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ዕርቅ ለማኝ ነው፤ እሱን እምቢ ማለት ጎሜ ነው፣ ነውርም እርግማንም። ገነነ የጋሽ ኦይታ ታናሽ ወንድም ናቸው። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ታናሽየው ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ከገቡ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተነጋግረው አያውቁም። ይህን ሁሉ ካሱ በሹክሹክታ ነገረን።

«ታዲያ ሣሩን ስንነጭ ለምን ዝም አልክ?» አለው ኑሀ።

«እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ሰላም ሰላም ስትሉ ከርማችሁ በመጨረሻ የምራችሁን መሰለኝ! ኮርቼባችሁ ነበር!»

ጋሽ ኦይታ ጄኔሬተሩን ስናወርድ አይተው እጃቸውን አነሱ። «ዕርቅ ሳያልቅ ከበሮ አይመታም፣ ልጆቼ።»

ኑሀ ወደ ሙዙ ጥላ ጎተተኝ። «እውነቱን ንገራቸው። ይቅርታ ጠይቀን እንጀምር። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ማንም አልላከንም ብላቸው እኮ ልጅ ያሾፈባቸው ሽማግሌ ነው የሚሆኑት። ከእንግዲህ ይምጣ የሚሉ ይመስልሃል?»

«እና የዓመት ልፋታችን?»

«እሱም እውነት ነው» አልኩ።

«በአላህ አንድ ቀን እንኳ ወስን!»

ወሰንኩ። መወሰን ልምዴ ስላልሆነ እግሬ ነው የቀደመኝ፤ ራሴን አስፋልቱ ላይ የምዕራብ ዓባያ ሚኒባስ ሳስቆም አገኘሁት። ግንባሬ ላይ ሻሽ፣ እግሬ ላይ የአባቴ ቤልቦተም፣ በእጄ ሣር። ወያላው «ይኼ ደግሞ ከየት ያመለጠ ነው?» ሊል ጀምሮ ሣሩን ሲያይ ተወው። አንዲት ሴትዮ ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። ስለሰላም ዓመት ሙሉ ዘፍኜ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ገነነን ጠያይቄ ያገኘኋቸው መንገድ ዳር መኪና ላይ ሙዝ ሲያስጭኑ ነው። ሣሩን አዩ፤ ሱሪዬን አዩ፤ እንደገና ሣሩን አዩ።

«ማን ላከህ?»

ኦይታ ማለት ይቻል ነበር። ግን ሣር ይዞ መዋሸት ከሁሉ የከፋ ጎሜ እንደሆነ ካሱ አስጠንቅቆኛል።

«ማንም አልላከኝም» አልኩ። «ሙዚቃ ልንጫወት ነበር። ልንመስላቸው የሞከርናቸው ሰዎች አበባ ይይዙ ነበር፤ እኛ አበባ ስላጣን ሣር ያዝን። ወንድምዎ እርስዎ የላኩን መሰላቸው።»

ጋሽ ገነነ መኪናውን ተደግፈው ሳቁ። ጫኞቹንም ጠርተው እንደገና አስነገሩኝ። ስለ ሱሪዬም ጠየቁኝ። ቆይቶ ሳቁ ቆመ።

«ሣሩን ሲያይ ምን አለ?»

«ይምጣ አሉ።»

«ሳትነግሩት?»

«አፋችንን ሳንከፍት።»

ቡልኳቸውን ከመኪናው ላይ አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ቅደም» አሉኝ።

ላንቴ ስንደርስ ተማሪው ሜዳው ላይ ተበትኖ ሙዝ ይበላል። ጎረቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ ገነነ አልተቀመጡም።

«ስማኝ ኦይታ። ዕርቅ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። እነዚህን ልጆች እኔ አልላክኋቸውም። ለጭፈራ ነው የመጡት።»

ጋሽ ኦይታ ወደ እኔ ዞሩ። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

«እና አንተን ማን ላከህ?» አሉ ወንድማቸውን።

«ይምጣ ብለሃል አሉኝ።»



«ብያለሁ» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«መጣሁ።»

ከዚያ ንግግሩ ተጀመረ። ፊልሞች ላይ ዕርቅ ተቃቅፎ ማልቀስ ነው። ላንቴ ላይ የውሃ ተራ ነው። ማክሰኞ ማን አጠጣ፣ ቦዩን ማን ደፈነው፣ ያኔ የደረቀው ሙዝ የማን ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ልጆቹ መስኖ ተማሪዎች ናቸው አሉ፤ እስቲ ይናገሩ» ብለው ወደ እኛ አዩ። እኔ ሁለቱም ወገን ልክ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀን የለም።

ጥላው እየረዘመ ሄደ። ተማሪው የግቢው በር ሳይዘጋ ለመድረስ አንድ በአንድ ወደ አስፋልቱ ወጣ። አንዷ ልጅ ስትሄድ «ደስ የሚል ስብሰባ ነበር» አለችኝ። ኑሀ ጊታሩን አቅፎ የሚሄደውን ሰው ያይ ነበር። ያሳዝናል፤ እሱ ከእኔ የበለጠ ለፍቷል። ይቅርታ ልለው ስጠጋ ግን ጥላው ሥር ሁለቱ ወንድማማቾች ሲተቃቀፉ አየን። ኑሀ ፊቱን አዞረብኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አቧራ ነው» አለኝ።

«በሉ አሁን ተጫወቱ» አሉ ጋሽ ኦይታ።

ጄኔሬተሩን አስነሳን። ተመልካቾቻችን ወንድማማቾቹ፣ እትዬ ልክነሽና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ረጅሙን ዘፈናችንን፣ የሰሚውን አእምሮ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል ብለን የፈጠርነውን ያዝን። ሽማግሌዎቹ የዘፈኑ መግቢያ እስኪያልቅ ታግሰው በትሕትና ሄዱ። እትዬ ልክነሽ እራት ሊሠሩ ገቡ። መሃሉ ላይ ስንደርስ ጋሽ ኦይታና ጋሽ ገነነ በአንድ ቡልኮ ተጠቅልለው፣ የአንዱ ራስ በሌላው ትከሻ ላይ ወድቆ፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ኑሀ ተናደደና ድምፁን ሊጨምር እጁን ወደ ማጉያው ዘረጋ። ያዝኩት።

«ቀንሰው» አልኩ።

አየኝ፤ እነሱን አየ፤ ቀነሰው። ካሱም ዱላዎቹን አስቀምጦ በጣቱ ይመታ ጀመር። ያን ዘፈን ቀስ ብለን የተጫወትነው የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው። እትዬ ልክነሽም በበሩ ብቅ ብለው «አሁን ጀመራችሁ እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።